በባሶቶ ተራሮች ላይ ሁለት ክረምት

በአፍሪቃ በስተ ደቡብ፥ ዙሪያዋን በደቡብ አፍሪቃ ብቻ ተከባ፥ ሌሶቶ የምትባል ንጉሥ ያላት ትንሽ አገር ትገኛለች። ሕዝቧ ባሶቶ፥ ቋንቋዋ ሴሶቶ ይባላል። ስፋቷ 30,355 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ በካርታ ላይ ሲያዩዋት በትልቅ ኩታ መካከል የተጣፈች እራፊ ትመስላለች። ዳሩ ግን ከዓለም መንግሥታት ሁሉ የምትለይበት አንድ ነገር አላት፤ ይኸውም እጅግ ዝቅ ያለው መሬቷ እንኳ ከባሕር ወለል 1,400 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መገኘቱ ነው። እንግዲህ በእኛ አነጋገር ወደ ውርጭ የምትወጣ ከፍተኛ አገር ናት ማለት ነው።

እኔም የፍርድ ቤት መዝገብ በማደራጀት ሥራ እንድረዳ በበጎ ፈቃድ አገልጋይነት ተልኬ ከ2022 እስከ 2024 ድረስ በዚያ ተቀመጥሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚነበበው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ባለቤቴና ልጆቼ አዲስ አበባ ቀሩ። ስለ አገሪቱ ፖለቲካና ስለ ንግዷ የሚጽፉ ሌሎች አሉ፤ እኔ ግን ለዚህ ለቤተ ሰብ ገጽ የሚስማማውን፥ ይኸውም ያደርሁበትን ቤትና የቤቱን እመቤት ነገር ልጽፍ አሰብሁ።

ከዋና ከተማዪቱ ከማሴሩ ወደ ታባ ጼካ የሄድሁት በትንሽ አውቶቡስ፥ በሰውና በበቆሎ ዱቄት ከረጢት መካከል ተጣብቄ ነው። መንገዱ ሜዳውን ከጨረሰ በኋላ እየተጠማዘዘ በተራራ ላይ ተራራ ይወጣል። ከተራራው ማለፊያ በሮች አንደኛው 2,318 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን ስሙ «ሞዲሞ ንቱሴ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «አምላክ ሆይ፥ እርዳኝ» ማለት ነው። ትርጓሜውን የነገሩኝ ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት ሴት ነበሩ፤ እኒሁ ሴት ሾፌሩ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ቴሌፎኑን ሲያነሣ ባዩት ጊዜ የቦታውን ስም ከፍ ባለ ድምፅ ሁለተኛ ጠሩት። ተሳፋሪው ሁሉ ሣቀ፤ ሾፌሩም ቴሌፎኑን አስቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ የሞሃሌ ግድብ ውኃ በሸለቆ ተኝቶ ይታያል። ከእርሱ የሚበልጠው የካጼ ግድብ 185 ሜትር ቁመት አለው። ውኃው በተራራ ሥር በተፈለፈለ ዋሻ እየሄደ ለደቡብ አፍሪቃ ይሸጣል፤ ሽያጩም በ1998 ተጀመረ። እኔ ባደርሁበት መንደር ግን ሴቶች ከምንጭ ቀድተው በባልዲ በራሳቸው ተሸክመው ይመጡ ነበር። ይህን በማስታወሻዬ ጽፌ ምንም ሳልጨምርበት ተውሁት።

ያሳደሩኝ ባልቴት ዕድሜያቸው ሰባ ገደማ ይሆናል። ግቢያቸው ሦስት ክብ ቤቶች አሉት፤ ግድግዳቸው የድንጋይ፥ ክዳናቸው የሣር፥ ወለላቸው በእበት የተለቀለቀ ነውና የእኛን ገጠር ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም። እንግዳ የሚሆነው ልስኑ ነው፤ ሴቶቹ ጭቃው ገና ሳይደርቅ በጣታቸውና በሹካ እየጫሩ እንደ እርሻ ትልም፥ እንደ አበባም ያለ ጌጥ ያወጡበታል። ዝናብ ያጠበው እንደ ሆነ ዳግመኛ ይሠሩታል። ከባልቴቲቱ ጋራ ሁለት የልጅ ልጆች ይኖራሉ። የልጆቹ እናት በማሴሩ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ስለ ሆነች በየወሩ ገንዘብ ትልካለች፤ ራሷ ግን የምትመጣው ለገናና ለፋሲካ ብቻ ነው።

እኔን «ንጣጤ» ብለው ይጠሩኛል፤ አባቴ ማለት ነው። እኔም እርሳቸውን «እምሜ» እላለሁ፤ እናቴ ማለት ነው። የቆሎ ተማሪ ለነበረ ሰው ይህ ቃል «እም» የሚለውን ግዕዝ ማሳሰቡ አይቀርም፤ ነገር ግን ቋንቋዎቹ ዘመዶች አይደሉምና ነገሩን ለጨዋታ ብቻ አነሣሁት። የጠ፥ የጸና የጰ ድምፅ ግን በእውነት አላቸው፤ ፈረንጆች ሲጥሩበት እኔ ያለ ችግር ብናገረው ልጆቹ ተደነቁ። ጽሕፈታቸው የላቲን ነው፤ «ል» የሚለው ፊደል ከ«ኡ» ወይም ከ«ኢ» በፊት ሲመጣ «ድ» ሆኖ ስለሚነበብ «ሉሜላ» ተብሎ የተጻፈው ሰላምታ «ዱሜላ» ይባላል። እኔም መጀመሪያ እንደ ተጻፈው እያነበብሁ ሕፃናትን አሣቅሁ። የራሴ ስም ደግሞ ለአንደበታቸው አልመች ስላለ በሦስተኛው ቀን «ታቦ» ብለው ሰየሙኝ፤ ደስታ ማለት ነው። የስሙ ድምፅ ታቦትን ስላሳሰበኝ ተቀበልሁት፤ ሁለት ዓመትም በዚሁ ተጠራሁ።

በዚያ አገር ሰላምታ ሳይሰጡ ማለፍ ነውር ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሥራ እንዳይረፍድብኝ እየተቻኰልሁ ሦስት ሽማግሌዎችን ራሴን ብቻ ነቅንቄ አለፍኋቸው። ማታ ወደ ቤት ስገባ ትንሹ ልጅ «አያቴ ታመሃል ወይ ብለው ይጠይቃሉ» አለኝ። ጤነኛ መሆኔን ብነግረው፥ «እንግዲያስ ለምን አልተናገርህም?» አለኝ። በማግስቱ ሦስቱንም ሽማግሌዎች ፈልጌ፥ ጤናቸውን፥ የከብቶቻቸውንም ጤና ጠይቄ ሄድሁ፤ በዚያም ቀን እጅግ አረፈድሁ፤ ዳኛውም ምክንያቱን በነገርኋቸው ጊዜ አልተቈጡኝም። የሰላምታቸው መጨረሻ «ኾጾ» ነው፤ ሰላም ማለት ነው። «ሰላም፥ ዝናብ፥ ጥጋብ» የሚል ቃልም በመንግሥታቸው አርማ ላይ ተጽፏል።

ምግባቸው «ጳጳ» የሚሉት ጠንከር ያለ የበቆሎ ገንፎና የተከተፈ ጎመን ነው። ሥጋ ለሰንበት፥ ለሠርግና ለቀብር ካልሆነ አይገኝም። ስለዚህ ዐቢይ ጾም በገባ ጊዜ እንደ ፈራሁት ሳይሆን እጅግ ቀለለኝ፤ ወተት ብቻ እንዳይጨመርብኝ ለመንሁ። እምሜ «ከመቼ እስከ መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ሃምሳ አምስት ቀን መሆኑን በሰሙ ጊዜ ለጎረቤት ሁሉ አወሩት፤ ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ስንት ቀን እንደ ቀረኝ ይጠይቀኝ ነበር። የማሽላ ጠላ የጠመቀ ቤትም በረጅም እንጨት ላይ ነጭ ጨርቅ ይሰቅላል። እኛም ጣሳ በእንጨት ላይ ደፍተን እንደምናመለክት ብነግራቸው «ታዲያ ሰው ሁሉ አንድ ነው» ብለው ሣቁ።

ክረምታቸው ከእኛ ጋራ በወራት ይስማማል፤ በጠባይ ግን ይለያል። የእኛ ሰኔና ሐምሌ ጭቃና ጎርፍ ሲሆን የነርሱ ደረቅ ብርድ ነው፤ ተራራው በበረዶ ነጭ ይሆናል፤ በባልዲ ያደረ ውኃ ጠዋት በድንጋይ ይሰበራል። በዚህ ጊዜ ወንዱም ሴቱም፥ ባለ ፈረሱም እግረኛውም፥ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ይደርባል። ብርድ ልብሱ ከፋብሪካ የመጣ ቢሆንም እንደ ካባ የክብር ልብሳቸው ሆኗል፤ ሙሽራ ይለብሰዋል፥ ሬሳም ይከፈንበታል። መስመሩ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲታይ ሆኖ ይለበሳል፤ ቀጥ ማለቱ የእድገት ምልክት ነው ይላሉ። እኔ በመጀመሪያው ቀን አግድም ለብሼው ወጥቼ ነበር፤ እምሜ በደጅ መልሰው እንደ ሕፃን አስተካክለው አለበሱኝ።

አንድ ሰንበት ከማሴሩ ብዙ ወደማይርቀው ወደ ታባ ቦሲዩ ሄድሁ። የባሶቶ አባት ንጉሥ ሞሾሾ በ1824 ሕዝቡን ሰብስቦ የመሸገበት አምባ ነው፤ አናቱ ጠፍጣፋ፥ ዙሪያው ገደል ስለ ሆነ ጠላት ሊይዘው ሳይችል ቀርቷል። ንጉሡ በ1870 ሞቶ በዚያው ተቀበረ። ስለ እርሱ የሚነገር አንድ ፍርድ አለ። ወደዚህ አምባ ሲጓዙ፥ ረኃብና ጦርነት ሰውን ሰው እስከ መብላት ባደረሰበት በዚያ ዘመን፥ አያቱን ፔቴን ሰው በላዎች ይዘው በሉት። በኋላ ተይዘው በፊቱ በቆሙ ጊዜ ተከታዮቹ ይገደሉ አሉ፤ ሞሾሾ ግን እነዚህ ሰዎች የአያቴ መቃብር ናቸው፥ የአባቶችም መቃብር አይነካም ብሎ ከብት ሰጥቶ እንዲሰፍሩ አደረጋቸው። ሃያ ዓመት መዝገብ ስገለብጥ ኖሬ እንዲህ ያለ ፍርድ አላጋጠመኝም። በዘመናችን ያለው ጠበቃ ሁሉ ይግባኝ የሚልበት ይመስለኛል።

ወደ ቤቱ ነገር ልመለስ። በዚያ አገር ማንበብ የሚያውቁ ሴቶች ከወንዶች ይበዛሉ። ምክንያቱም ወንድ ልጅ ከብት ጠባቂ ነው፤ ገና በልጅነቱ ከመንጋው ጋራ ወደ ላይኛው ተራራ ይወጣል፥ በድንጋይ ጎጆም ወራት ይቀመጣል። ካደገም በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪቃ የወርቅ ማዕድን ይወርድ ነበር፤ በ1990 ገደማ በዚያ ማዕድን የሚሠሩት ባሶቶዎች ከ100,000 ይበልጡ ነበር፤ ዛሬ ቍጥሩ እጅግ አንሷል። ልጆቹም በእናታቸው እጅ ያድጉ ነበር። ታዲያ ይህች ቤቱን ሁሉ የምታስተዳድር ሚስት እስከ 2006 ድረስ በሕግ ፊት በባሏ ሥር እንዳለች እንደ አካለ መጠን ያላደረሰች ትቈጠር ነበር፤ ያለ እርሱ ፈቃድ ብድር እንኳ መዋዋል አትችልም ነበር። ሕጉ በዚያ ዓመት ተለወጠ። እምሜ ይህን ሲነግሩኝ «ማዕድን ቤት ያለ ሰው ፈቃድ የሚሰጠው በደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውንም የሚያነብለት ሌላ ሰው ነው» አሉኝ።

የእምሜ ባል ከ1974 እስከ 1996 በማዕድን ሠርተዋል። በዓመት አንድ ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት ይመጡ ነበር። ከደመወዛቸው ከፊሉ በአገራቸው ባንክ እየተቀመጠ ሲመለሱ ይከፈላቸው ስለ ነበር ሦስተኛው ቤት፥ እኔ የተኛሁበት፥ በዚያ ገንዘብ ተሠራ። ወደ ቤታቸው ለመጨረሻ ጊዜ የተመለሱት እየሳሉ ነው፤ በ2003 ሞቱ። ድንጋይ ሲበሳ የሚነሣው ደቃቅ አቧራ ሳንባን ያደነድናል፤ የደነደነ ሳንባም ለነቀርሳ ይጋለጣል። ስለዚህም ነገር በጆሐንስበርግ ብዙ ዓመት ክርክር ተደርጎ በ2019 ዕርቅ ጸደቀ፤ ከ1965 ወዲህ በተወሰኑ የወርቅ ማዕድኖች ሠርተው በዚህ ለታመሙና ለሞቱት ቤተ ሰቦች ካሣ እንዲከፈል ተቈረጠ።

በመጀመሪያው ክረምቴ በሰኔ ወር አንድ ሌሊት በረዶ መንገዱን ዘግቶት ነበር። በኩበት እሳት ዙሪያ ተቀምጠን ሳለን እምሜ ከአልጋቸው ሥር የቆርቆሮ ሣጥን አወጡ። «ንጣጤ ታቦ፥ አንተ የወረቀት ሰው ነህ፤ ይህን እይልኝ» አሉኝ። የባላቸው የማዕድን ሥራ ወረቀት፥ የጉዞ ደብተር፥ የነቀርሳ ሕክምና ካርድና የሞት ምስክር ወረቀት ነበሩ። የካሣውን ጥያቄ ካቀረቡ ዓመት አልፏል፤ ማመልከቻውም «ስሙ አይገጥምም» ተብሎ ተመልሷል።

ወረቀቶቹን በመብራት ሥር ዘረጋሁ። በማዕድኑ ወረቀት ላይ የተጻፈው አንድ የእንግሊዝ ስም ነው፤ የልደት ዓመታቸውም 1948 ይላል። በጉዞ ደብተሩ ላይ ሌላ ስም፥ ሌላ ዓመት አለ። በሞት ምስክሩ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ስም ተጽፏል፤ መንደሩ ሁሉ የሚያውቃቸው በዚህ ነው። እምሜን ብጠይቃቸው ነገሩን በቀላሉ አስረዱኝ፤ ለሥራ በተመዘገቡበት ቀን ጸሐፊው ስማቸውን መጻፍ አቅቶት «ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ተባል» አላቸው፤ ዕድሜያቸውንም ፊታቸውን አይቶ ገመተ። እርሳቸውም ማንበብ ስለማይችሉ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው ፈረሙ።

አንባቢዬ ሆይ፥ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስሙን ያበላሸው እንደኔ ያለ ጸሐፊ ነው። ምናልባትም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከበስተ ኋላው ረጅም ሰልፍ ቆሞ፥ እጁ ደክሞ፥ የምሳ ሰዓትም ደርሶ ይሆናል። እኔስ? ባለጉዳይ ስሙን በሹክሹክታ ሲነግረኝ ድገምልኝ ማለት ሰልችቶኝ እንደ መሰለኝ የጻፍሁበት ቀን ስንት ነው? የአባትና የአያት ስም ያቀያየርሁበት፥ ስመ ክርስትናውን ከዓለም ስሙ ያደባለቅሁበትስ? አንድ ገበሬ የርስት ጉዳዩን ይዞ ከሩቅ አገር መጥቶ፥ በእኔ ጽሕፈት ምክንያት ቀጠሮው የተላለፈበትን አስታውሳለሁ። በዚያን ጊዜ ስሕተቱን በቀይ ቀለም አርሜ፥ ሌላ ቀጠሮ ሰጥቼ፥ ወደ ቤቴ ሄጄ እራቴን በልቻለሁ።

በረዶው በሟሟ ጊዜ የክርስትናቸውን መዝገብ ለመፈለግ ባልየው ወደ ተጠመቁበት ሚሲዮን በፈረስ ወረድን። የባሶቶ ፈረስ ቁመቱ አጭር፥ እግሩ ግን የታመነ ነው፤ እኔ ዓይኔን በምጨፍንበት ገደል እርሱ ሣር እየነጨ ያልፋል። እምሜ በሰባ ዓመታቸው ከፊቴ ሆነው ይመሩኝ ነበር፤ ወንዝ ላይ ስንደርስም «ልጓሙን ልቀቅለት፤ ከአንተ ይልቅ እርሱ ያውቃል» አሉኝ። አራት ሰዓት ያህል ተጓዝን። ቄሱ ትልቁን መዝገብ አውጥተው ሁለታችንም እየተጋገዝን ገለበጥነው። ስሙ ተገኘ፤ የአባትና የእናት ስም፥ የመንደሩም ስም በጥሩ ጽሕፈት ሰፍሯል፤ የልደቱ ዓመት 1951 ነው። የጻፈው ሰው ማን እንደ ሆነ አላውቅም፤ እጁን ግን መርቄዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራው የእኔ ሆነ። የመንደሩ ሹም ሁለት ሽማግሌዎችን ጠርተው መሰከሩ፤ አንደኛው ከባልየው ጋራ በአንድ ጕድጓድ ውስጥ ሠርቷል፤ በዚያ በእንግሊዝ ስም ይጠራቸው እንደ ነበረም በመሐላ ተናገረ። ሹሙም ሦስቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳ ደብዳቤ ጽፈው ማኅተማቸውን አደረጉበት። እኔ በፍርድ ቤት የመሐላውን ቃል አዘጋጀሁ፤ እያንዳንዱን ስም ፊደል በፊደል ሦስት ጊዜ እያስደገምሁ ጻፍሁ። ሽማግሌው በመጨረሻ ተሰላችተው «ደንቈሮ ነህ ወይ?» አሉኝ። ወረቀቱ ሄደ፤ ከሰባት ወርም በኋላ መልስ መጣ። ስሙ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ነገር ግን ሰውየው የሞቱት በዚያ በሽታ መሆኑን የሚያስረዳ የሐኪም ቃል ይጨመር ይላል። የነቀርሳው ካርድ የሕክምናውን መጀመሪያ እንጂ የሞቱን ምክንያት አይናገርም።

የአገልግሎቴ ዘመን በዚህ መካከል ተፈጸመ። በመሄጃዬ ዋዜማ የመንደሩ ሴቶች ዘፈኑ፤ ሽማግሌዎቹም ጠላ ይዘው መጡ፤ እምሜም ብርድ ልብስ በትከሻዬ ላይ አደረጉ፥ መስመሩ ቀጥ ማለቱንም ራቅ ብለው አዩት። ልጆቼ ስንት ዓመት እንደ ሞላቸው ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። «ሁለት ዓመት ለልጅ ብዙ ነው» አሉ፤ ቀጥለውም ስለ መንገዱ ስንቅ ተናገሩ። እኔ አዲስ አበባ ስደርስ ትንሿ ልጄ በአይሮፕላን ጣቢያ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ቆማ ነበር፤ ለመቅረብም ጥቂት ጊዜ ፈጀች።

ባለፈው ዓመት የእምሜ የልጅ ልጅ አንድ ፎቶግራፍ በቴሌፎን ላከችልኝ። ሐኪም ቤቱ ከድሮ መዝገብ አንድ ገጽ አግኝቷል፤ ቀለሙ ደብዝዟል፥ ነገር ግን የሳንባው ነገር በግልጽ ይነበባል። በራስጌው ላይ የተጻፈው ስም ከሦስቱ አንደኛው ነው፤ አንድ ፊደል ግን ጎድሎበታል። ፊደሉ የጎደለበትን ምክንያት የሚያስረዳ ሌላ የመሐላ ቃል ከዚሁ ሆኜ አዘጋጅቼ ሹሙ እንዲያትሙበት ላክሁ። ልጅቱ ወረቀቱ ደርሶ መታተሙን፥ ወደ ማሴሩም ራሷ ይዛው እንደምትወርድ ጽፋልኛለች። የሚቀጥለውን መልስ እየጠበቅሁ ነው።